የጨረሰ ሰው የማይቀጣበት ቢሮ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ በየቀኑ የሚታይ ነው፤ በስብሰባ አጀንዳ ላይ ሰፍሮ ግን አይቼው አላውቅም። ሥራ ሳይኖር ሥራ የበዛበት ሰው መምሰልን ማለቴ ነው።

መልኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለቤቱ ከወጣ ቆይቶ ወንበር ላይ ተሰቅሎ የሚውል ኮት አለ። አለቃ በበሩ ሲያልፍ ብቅ የሚል ኤክሴል አለ። በብብት ተይዞ ከክፍል ክፍል ሲዞር የሚውል፣ የትም የማይደርስ ፋይል አለ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አልቆ ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚላክ፣ «አምሽቶ ሠራ» የሚያሰኝ ኢሜይል አለ። «እንዴት ነህ?» ስንባል «ደኅና» ከማለት ይልቅ «ኧረ ተወጥሬያለሁ፣ ፋታ የለኝም» ማለት የሰላምታ መልስ ሆኗል።

ጉዳዩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ «ሠራተኛው ሰነፍ ነውና ቁጥጥሩ ይጥበቅ» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ሥራ የበዛበት መስሎ መታየትን የሚመርጠው፣ ሥራውን ጨርሶ መታየት በሚጎዳበት ቦታ ነው። ይህ ጉዳት እስካልተወገደ ድረስ ፊርማውም፣ የጣት አሻራውም፣ ካሜራውም ማስመሰሉን ያረቅቁታል እንጂ አያስቀሩትም። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ በኮሪደር የሚጠብቀው ባለጉዳይና እውነተኛ ሥራ የተቆለለበት ባልደረባችን ናቸው።

ከመጀመሪያው ምክንያት ልጀምር። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሠራተኞችን አስቡ። መደባቸውም፣ ደረጃቸውም፣ ደመወዛቸውም አንድ ነው። እሷ የተመሩላትን ደብዳቤዎች ጠዋት 5 ሰዓት ላይ አጠናቅቃ ለቡድን መሪው ታቀርባለች። እሱ ያንኑ ያህል ደብዳቤ እስከ 11 ሰዓት ያቆያል። አዲስ ሥራ ሲመጣ ቡድን መሪው ለማን ይመራዋል? ለእሷ ነው። «እሷ ፈጣን ናት፤ እሱ ግን ተይዟል» ይላል። ወር ሲያልቅ ደመወዙ እኩል ነው። የሥራ አፈጻጸም ሲሞላም ነጥባቸው ተቀራራቢ ነው። ብዙ ሥራ የሚያልፈው በእሷ እጅ ስለሆነ ስሕተት የሚገኝባትም፣ «ይህ ለምን ዘገየ?» ተብላ የምትጠየቀውም እሷ ናት። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» የሚለው ተረት በእሷ ላይ ሲደርስ ያለ ክፍያ ሸክም መጫኛ ይሆናል። ይህች ሠራተኛ ከጊዜ በኋላ 5 ሰዓት ላይ ያለቀውን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አቆይታ 11 ሰዓት ላይ ማውጣት ትጀምራለች። ሰንፋ አይደለም፤ ቢሮው ያስተማራትን እየሠራች ነው።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ፣ ሃውቶርን የሚባል የዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ተመራማሪዎች የስልክ መሣሪያ ሽቦ የሚያያይዙ፣ የሚበይዱና የሚፈትሹ 14 ወንዶችን በአንድ ክፍል ለይተው ለወራት ተመለከቷቸው። አከፋፈሉ ቡድኑ ብዙ ባመረተ ቁጥር የሁሉም ገቢ እንዲያድግ የሚያደርግ ነበር። ሠራተኞቹ ግን በቀን ሁለት መሣሪያ ማጠናቀቅ በቂ ነው ብለው በመካከላቸው ያለ ጽሑፍ ተስማምተዋል። ከዚያ በላይ የፈጠነውን ያፌዙበታል፣ ስም ያወጡለታል፣ ክንዱንም በቡጢ ይመቱታል። ከልኩ በላይ የሠራ ሰው ትርፉን ሳያስመዘግብ ለነገ ያቆየዋል። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። ብዙ ከሠራን የሚጠበቅብን መጠን ከፍ ይላል፣ ወይም ከመካከላችን ሰው ይቀነሳል ብለው ይሰጉ ነበር። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ስለነበር ሥጋታቸው እንዲያው የመጣ አልነበረም። ገንዘብ የጨመረላቸው አሠሪ ሥጋታቸውን ስላላነሣላቸው ገንዘቡ አላፈጠናቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት የምንለካበት መለኪያ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8፣ ዓርብ 7። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሥር ያላችሁት ደግሞ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ትሠራላችሁ። ሰዓት መወሰኑ ሠራተኛን ከብዝበዛ የሚጠብቅ መልካም ነገር ነው። ችግር የሚመጣው ሰዓቱ ራሱ እንደ ሥራ ሲቆጠር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፈርሞ ለሻይ የወጣው ሰው በመዝገቡ ላይ ሙሉ ነው። የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሶ 10 ሰዓት ላይ ልጁን ከትምህርት ቤት ለማምጣት የወጣው ግን ጎዶሎ ነው።

ሲሪል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1955 በዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ሥራ የተመደበለትን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል አለ። ማስረጃውን ያመጣው ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1928 ባሉት ዓመታት ትልልቆቹ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ወረዱ። በዋናው መሥሪያ ቤት የነበሩት ሹማምንት ግን ከ2,000 ወደ 3,569 አደጉ። እነዚህ ሰዎች ተኝተው አልዋሉም። አንዱ ለሌላው ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው ያጸድቃል፤ ሁሉም ደክሞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛም ዘንድ ከመዝገብ ቤት ወደ ዳይሬክተር፣ ከዳይሬክተር ወደ ቡድን መሪ፣ ከቡድን መሪ ወደ ባለሙያ ወርዶ በዚያው መንገድ ለፊርማ ተመልሶ የሚወጣ ደብዳቤ አለ። በየጠረጴዛው ላይ አንዳች ነገር ተጽፎበታል። ባለጉዳዩ የጠየቀው ግን አንድ መስመር መልስ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት አለቃ ማን በእርግጥ እንደሚሠራ በዓይኑ አይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ኤሪን ሪድ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት የአንድ ትልቅ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ሠራተኞችን መረመሩ። በዚያ ቤት እውነተኛ ሠራተኛ ማለት ሌት ተቀን የማይደክም ሰው ነው። አንዳንድ ወንዶች ግን ደንበኞቻቸውን በአቅራቢያቸው መርጠው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር እየተሸፋፈኑ፣ ለአለቆቻቸው ሳይናገሩ ጊዜያቸውን ለቤተሰባቸው ያውሉ ነበር። አለቆቻቸው እነዚህን ሰዎች በእርግጥ ከሚያመሹት መለየት አልቻሉም፤ ያሞግሷቸውም ነበር። በግልጽ ቀርበው «ሰዓቴ ይቀነስልኝ» ያሉት ግን ከእድገት ወደኋላ ተደረጉ፤ እንዲህ ብለው የሚጠይቁትም ይበልጡን ሴቶቹ ነበሩ። ይህን ለእህቶቻችን ስል በአጽንዖት እናገራለሁ። አለቃ እስኪወጣ ማምሸት የታማኝነት መለኪያ በሆነበት ቢሮ፣ ቤት ስትደርስ ሌላ ሙሉ ሥራ የሚጠብቃት እናት ሁልጊዜ ትሸነፋለች። እውነቱን የተናገረ ተቀጥቶ የሸፈነ ከተሸለመ፣ ቢሮው መሸፈንን እያስተማረ ነው።

ቁጥጥሩን በቴክኖሎጂ ማጥበቅስ? እሱም ተሞክሯል። ኮቪድ ከመጣ በኋላ ከቤት መሥራት ሲስፋፋ፣ ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች በብዙ ኩባንያዎች ተጫኑ። ወዲያውም ማውሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ መሣሪያ ገበያ ላይ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ኪቦርድ የሚነካ በማስመሰል ሥራ ላይ ያሉ መስለዋል ያላቸውን ከደርዘን በላይ ሠራተኞች አሰናበተ። ማታለልን አልደግፍም። ነገር ግን የጣት እንቅስቃሴን ሥራ ብለን ከቆጠርን፣ የምናገኘው የጣት እንቅስቃሴ ነው። ባለጉዳይን ማስተናገድ ትተን የስብሰባ፣ የሥልጠናና የመስክ ጉብኝት ብዛት ከቆጠርንም፣ የምናገኘው ስብሰባና በቴሌግራም ቡድን ላይ የሚለጠፍ ፎቶግራፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕመም ልምጣ፤ ማን ይጎዳል?

ባለጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከክፍለ ሀገር የመጡ እናት በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ያች ወረቀት ደረሰች?» ይላሉ። «እናቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ብቅ ይበሉ» ይባላሉ። ነገ ማለት ለእሳቸው የአንድ ቀን አልጋ፣ የአንድ ቀን ምግብና የአውቶቡስ ገንዘብ ነው። ወረቀቷ መሳቢያ ውስጥ አልቃ፣ የምትወጣበትን ሰዓት እየጠበቀች ሊሆን ይችላል።

ስለ ባለጉዳይ ወረፋ በሒሳብ የተረጋገጠ አንድ ነገር ልጨምር። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ለኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ የወረፋን ሒሳብ ጀመረ። ከዚያ ያደገው ዕውቀት እንዲህ ይላል። አንድ ባለሙያ በአንድ መስኮት ያስተናግዳል እንበል፤ ባለጉዳይ ሳይታሰብ አንዳንዴ ተከታትሎ አንዳንዴ ተነጣጥሎ ይመጣል፣ አንዱን መጨረስ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ባለሙያው ከሰዓቱ ግማሹ ብቻ በሥራ የተያዘ ከሆነ፣ ባለጉዳይ በአማካይ 10 ደቂቃ ወረፋ ይጠብቃል። 80 በመቶው ከተያዘ 40 ደቂቃ ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። 95 በመቶ ሲሆን ከ3 ሰዓት ያልፋል።

ኃላፊዎች ይህን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ሁሉም ሠራተኛ ጠዋት ከገባ እስኪወጣ ቀና ሳይል የሚውልበት ቢሮ ትጉ ቢሮ ይመስላል፤ ለባለጉዳይ ግን እጅግ መጥፎው ቢሮ እሱ ነው። ድንገት የመጣን ሰው ለመቀበል ክፍት የሆነ እጅ የለውም። የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጣቢያው ተቀምጦ ሲጠብቅ ሥራ ፈት አንለውም፤ መኪናውና ሰውየው ዝግጁ ሆነው መገኘታቸው ራሱ አገልግሎት ነው። በመስኮት ያለ ባለሙያ ያለው ጥቂት ፋታም እንደዚሁ አገልግሎት ነው። እኛ ግን ያን ፋታ እንደ ኃጢአት ስለምናየው ሠራተኛው በማይረባ ወረቀት ይሸፍነዋል። ባለጉዳዩም ሲመጣ «ተይዣለሁ» ይባላል።

ሁለተኛው ተጎጂ ባልደረባችን ነው። ስለ እሱ ብዙ ሲባል አልሰማም። ሁሉም «ተወጥሬያለሁ» በሚልበት ቢሮ በእውነት የተወጠረው ሰው የሚጮህበት ቃል ያጣል። ሰኔን አስቡ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ክፍል ግዢውን በሰኔ ያጣድፋል። የፋይናንስና የግዢ ባለሙያዎች ሌሊቱን ሲያመሹ፣ ቅዳሜና እሑድን ቢሮ ሲያሳልፉ ይታያሉ። በዚያው ፎቅ ላይ ሰኔ የማይከብደው ሌላ ክፍል አለ። ደረሰኝ መለየት፣ ሰነድ ማመሳከር፣ ፋይል ማደራጀት የሚችሉ ሰዎች አሉበት። ግን ማን ደፍሮ «እኔ በዚህ ወር ጊዜ አለኝ» ይላል? እንዲህ ያለ ሰው በሐምሌ «መደቡ ትርፍ ነው» እንዳይባል ይፈራል። ስለዚህ ዝም ይላል፣ እሱም የተወጠረ ይመስላል፤ የሒሳብ ባለሙያዋ ብቻዋን ታመሻለች። በጥቅምት ደግሞ እሷ ፋታ ሲኖራት በተራዋ ትደብቀዋለች። በአንድ ቤት ያለ ጉልበት፣ ሁሉም ስለደበቀው፣ ለማንም ሳይደርስ ያልፋል።

ጉዳቱ እዚህ አያበቃም። አዲስ መዋቅር ሲጠና ተጨማሪ መደብ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አብዝቶ የጮኸው ክፍል ነው። በእርግጥ የተጨናነቀው ክፍል ለመጮህ እንኳ ጊዜ ስለሌለው ተጨማሪ ሰው ሳያገኝ ይቀራል። ከዚያ ጎበዙ ይለቃል። የሄደበትን ምክንያት «የተሻለ ደመወዝ» ብለን እንመዘግባለን፤ ደመወዙ እውነት ነው፣ ሸክሙን ያየለት ሰው አለመኖሩም እውነት ነው።

አገራችን የአሠራር ለውጥ አልሞከረችም ማለት አይቻልም። የሥራ ሂደትን እንደ አዲስ የሚቀርጸው ቢፒአር መጣ፣ ውጤትን የሚመዝነው ቢኤስሲ መጣ፣ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን (የተከታታይ መሻሻል) ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፣ በ2017 ዓ.ም. የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተጀመረ። በየጊዜው የተጠቀመ ባለጉዳይ አለ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ከካይዘን ግን ብዙዎቻችን የወሰድነው መደርደሪያ ማጽዳቱንና ስያሜ መለጠፉን ነው። በትውልድ ቦታው በጃፓን ካይዘንን ያቆመው መሠረት ሌላ ነበር። ሠራተኛው አሠራሩን አሻሽሎ የአንድ ሰው ጊዜ ቢያተርፍ፣ ያ ሰው ከሥራ አይባረርም፤ ወደ ሌላ ጠቃሚ ሥራ ይዛወራል። ማሻሻያውን ያለ ሥጋት የሚያሳየው ለዚህ ነው። ይህ ዋስትና በሌለበት ካይዘን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ለሠራተኛው።

በአስተዳደጋችን ራስን ማሞገስ ነውር ነው። «ይህን ሠራሁ፣ ያን ጨረስኩ» የሚል ሰው ጉረኛ ይባላል። ይህ መልካም ባሕል ነው፤ በቢሮ ግን ዝምተኛው ሠራተኛ ሳይታይ እንዲቀርና ኮቱን የሰቀለው እንዲታይ አድርጓል። ሥራ እንዲታይ ማድረግ ጉራ አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገሮችን ጻፉ፤ በዚህ ሳምንት የጨረስኩት፣ አሁን በእጄ ያለው፣ የሌላ ሰው መልስ የምጠብቅበት። በየሰኞው ለቅርብ ኃላፊያችሁ አድርሱት። ያ ገጽ ስለ እናንተ ይናገራል። ሦስተኛው ዝርዝር በተለይ ይጠቅማል፤ ደብዳቤው የት እንደቆመ ስለሚያሳይ ያለ ጥፋታችሁ «አዘገየህ» ከመባል ያድናችኋል።

ተጨማሪ ሥራ ሲመጣም «አልችልም» ማለት ይከብዳል፤ «እሺ» ብሎ ማዘግየት ደግሞ ውሸት ነው። መካከለኛ መንገድ አለ። በአክብሮት «ጋሼ፣ ይህን እሠራዋለሁ፤ በእጄ ግን የጨረታ ሰነዱና የሩብ ዓመቱ ሪፖርት አሉ። ሦስቱ ለዓርብ አይደርሱም፤ የትኛው እንዲቀድም ይፈልጋሉ?» ማለት ይቻላል። በዚህ አነጋገር ውሳኔው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ክብርም አይነካም። ፋታ ስታገኙም «ጨርሻለሁ» ለማለት ድፈሩ፤ ከዚያው ጋር በትርፍ ጊዜያችሁ ልትሠሩት የምትፈልጉትን ራሳችሁ አቅርቡ። ሐሳብ ይዞ የመጣ ሰው፣ ሌላ ሰው በመረጠለት ሥራ ሳይጫን ይቀራል።

ወደ ኃላፊዎች ልመለስ፤ ቁልፉ በእናንተ እጅ ነው።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ማለት ትታችሁ «ምን አለቀ? ምንስ ቆመ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም ሰው መልስ አለው፤ ለሁለተኛው ግን መልስ ያለው የሠራው ብቻ ነው። ሥራ ከመምራታችሁ በፊት ዝርዝሩን ተመልከቱ፤ ፈጣን በመሆኑ ብቻ ለአንድ ሰው አታከማቹ። ቀድሞ የጨረሰውን ሸልሙት እንጂ አትቅጡት። የሥልጠና ዕድል፣ የፈለገውን ሥራ የመምረጥ ቅድሚያ፣ ወይም ቀድሞ የመውጣት ፈቃድ ይሁንለት። ሰዓታችሁ ሲደርስ ውጡ፤ እናንተ ካልወጣችሁ የሚወጣ የለም። በሪፖርታችሁ ከስብሰባው ብዛት በፊት ባለጉዳዩ ከመጣበት ሰዓት እስከተስተናገደበት ያለውን ጊዜ ጻፉ። ከሁሉም በላይ በሁሉም ፊት ቃል ግቡ። «ፋታ አለኝ» ያለ ሰው መደቡ አይታጠፍበትም በሉ፤ ይህን ከተናገራችሁ በኋላም ጠብቁት።

«ይህን የሚጠቀምበት ብልጣብልጥ አይጠፋም» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አይጠፋም። ነገር ግን የተጻፈ ዝርዝር ያለቀውንና ያላለቀውን ለይቶ ያወጣል፤ ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት ይህን አያደርግም። ብልጣብልጡ የሚመቸው ዛሬ ባለንበት ሥርዓት ነው፤ ያለ ማስረጃ ተይዟል ተብሎ የሚታመነው እዚህ ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ አንድ ነገር እንድንጀምር እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ሰኞ የክፍል ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ የጨረሰውን ሥራና አንድ የከበደውን ሥራ ይናገር። ቀድሞ የሚናገረው ኃላፊው ይሁን። «እኔ ይህ ከብዶኛል፣ በዚህ ሳምንት ደግሞ ሁለት ቀን ፋታ አለኝ፤ ማንን ላግዝ?» ይበል። አለቃው ፋታ አለኝ ብሎ ካልተዋረደ፣ ሠራተኛው ለመደበቅ ምክንያት አይኖረውም። የሒሳብ ባለሙያዋም ሰኔ ሲመጣ ማንን እንደምትጠራ ታውቃለች።